የመስኮት እጀታ፦ ሳይቃጠል በቅጠል

የዛሬው አምዳችን ስለ መስኮት እጀታ ነው። «ደግሞ ስለ እጀታ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ልጆቻቸውን ለትምህርት ወይም ለሕክምና ናይሮቢ የላኩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱልን ጉዳይ ይኸው ነው። ልጁ ኢስሊ አንድ ክፍል ይከራያል፤ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ብርድ ይገባል፣ ወይም አልከፈት ብሎ ቤቱ ይታፈናል። አከራዩ ደግሞ «የሰበራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከመያዣችሁ ላይ እቆርጣለሁ» ይላል። እንግዲህ ከካምፕ ሆነን በስልክ ልጃችንን እንዴት እንምከረው ነው ጥያቄው።

እጀታ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ስለሆነ ነው የምንንቀው። ስንንቀው ግን ሌባው በተከፈተው በኩል እጁን ሰዶ ሞባይልና ልብስ ይወስዳል፤ ዝናቡ አልጋ ያርሳል፤ ነፋሱ መዝጊያውን ሲያላጋው መስተዋቱ ይሰበራል። ከዚህ ሁሉ የሚብስ ሌላ ነገርም አለ፤ አስቀድመን እሱን እንናገር።

ከሁሉ በፊት፦ የታሸገ መስኮትና ከሰል

ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ብርዷ ቀላል አይደለም። ከካኩማ ወይም ከዳዳብ ሐሩር ለሄደ ልጅ ደግሞ ይብሳል። እጀታው የተሰበረበት መስኮት ያለው ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? በሽቦ ያስረዋል፣ በላስቲክ ይሸፍነዋል፣ አልፎ ተርፎም በሚስማር ይመታዋል። ከዚያ ጂኮውን በከሰል ሞልቶ ቡና ያፈላል፤ ማታም ረመጡን «ለሙቀት» ብሎ እዚያው ትቶት ይተኛል።

ይህ ሰው ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ ዕጣኑም ቢጨስ አይታወቅም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት ማጣት ይጀምራል። ብዙ ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ ይበልጥ ይሸፋፈናል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ይህ ምልክት በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ሦስት ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ሳይውል ሳያድር፣ ወዲያውኑ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ወደ ሕክምና ውሰዱ።

ስለዚህ ለልጆቻችሁ የምትነግሯቸው የመጀመሪያው ምክር ይህ ይሁን፦ ከሰል ከበራበት ክፍል ውስጥ መስኮት ክፍት ይሁን፤ ረመጥ ይዞ መተኛት ጨርሶ አይሞከር። በናይሮቢ ብዙ ቤቶች ከመስኮቱ በላይ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ትንሽ የአየር ማስገቢያ አለ። ብርድ ያስገባል ተብሎ በጨርቅ ወይም በካርቶን አይደፈን። አየር የሚዘዋወርበት ቤት እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለውንም በሽታ የመተላለፍ ዕድል ይቀንሳል። የእጀታ ጥገና ጉዳይም ከዚህ ነው የሚነሳው። በደንብ የሚከፈትና በደንብ የሚዘጋ መስኮት ያለው ሰው መስኮቱን በሚስማር አይመታም።

የናይሮቢ መስኮት ምን ዓይነት ነው?

በኢስሊና በሌሎች ሰፈሮች ባሉ ብዙ ፎቆች ላይ የምናየው የብረት መቃን ያለው፣ አንድ መስተዋት ብቻ የገባበት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ነው። ከውስጥ በኩል ብዙውን ጊዜ የብረት ፍርግርግ አለው። ይህ ዓይነት የብረት መስኮት ሥሩ እንግሊዝ አገር ነው። ፍራንሲስ ሄንሪ ክሪቶል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ብሬንትሪ በምትባል ከተማ የብረት መስኮት መሥራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የብረት መስኮት እንግሊዞች በገዟቸው አገሮች ሁሉ ተስፋፋ። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ይህንኑ መስኮት በየሰፈሩ ያሉ የብየዳ ቤቶች ይሠሩታል።

መስኮቱ ላይ ሁለት የሚነካኩ ነገሮች አሉ። አንደኛው እጀታው ነው፤ በሚከፈተው መዝጊያ ላይ ተተክሎ፣ ሲጠመዘዝ ምላሱ የቆመውን መቃን ይነክሳል። አንዳንዱ ምላስ ሁለት ጥርስ አለው፤ በአንዱ መስኮቱ ጥርቅም ይላል፣ በሌላው ደግሞ ትንሽ ተከፍቶ ይያዛል። ይህ ሁለተኛው ጥርስ ሌሊት አየር እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጥቅሙን አያውቀውም። ሁለተኛው ደግሞ ከታች ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ዘንግ ነው። የናይሮቢ ባለሱቆች «ስቴይ» ይሉታል። መስኮቱን የፈለግነው ስፋት ላይ አቁሞ ነፋስ እንዳያላጋው ይይዛል። ስቴይ የሌለው መስኮት እጀታው ቶሎ ይሰበራል፤ ነፋሱ ሲያላጋው ኃይሉ ሁሉ እጀታውና ማጠፊያው ላይ ስለሚያርፍ ነው።

በሽታውን ማወቅ

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። እኛም ካቻቪቴ ከማንሳታችን በፊት እንመርምር።

አንደኛ፤ እጀታው ደርቆ አልዞር ካለ። ምክንያቱ ዝገት፣ አቧራ ወይም በየዓመቱ የተደራረበ ቀለም ነው። በፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ ክልክል ነው! ብዙው እጀታ በቀልጦ ፈሰስ የተሠራ ስለሆነ አይታጠፍም፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይልቅ የተጋገረውን ቀለም በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ፍቁት፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አቧራውን ጥረጉ፤ መዞሪያው ላይ ጥቂት ጠብታ ላምባ አድርጋችሁ አሳድሩት። በዚህ ጊዜ አጠገቡ እሳት፣ ጂኮ ወይም ሻማ አይኑር። በማግሥቱ ሳታስገድዱ ወዲህ ወዲያ አንቀሳቅሱት፤ ቀስ በቀስ ይለቃል። ላምባውን በጨርቅ አድርቃችሁ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩበት። የወጥ ዘይት አታድርጉ፤ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ቆይቶ ግን ሙጫ ሆኖ አቧራ ይሰበስባል፤ ከመጀመሪያውም ይብሳል።

ሁለተኛ፤ እጀታው ላልቶ የሚወዛወዝ ወይም በራሱ ወደ ታች የሚወድቅ ከሆነ። መጀመሪያ ብሎኖቹን አጥብቁ። ከጠበቁ በኋላም የሚወዛወዝ ከሆነ መዞሪያው ተበልቷል ማለት ነው፤ ተፈትቶ ቀጭን ሮንዴላ ቢገባበት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። በብሎን ሳይሆን በተቀጠቀጠ ሚስማር የተያያዘ ከሆነ አንዱ ሰው ከኋላ ከባድ ብረት ደግፎ፣ ሌላው የሚስማሩን ራስ በመዶሻ ቀስ እያደረገ ይነካካዋል። መስተዋቱ ቅርብ ነውና በኃይል መምታት አይገባም።

ሦስተኛ፤ እጀታው ይዞራል፣ መስኮቱ ግን አይጠብቅም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጀታውን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው። ከደብተር አንድ ወረቀት ቅደዱና መዝጊያውና መቃኑ መካከል አስገብታችሁ መስኮቱን ዝጉ። ከዚያ ወረቀቱን ሳቡት። ይዞ ከቀረ ያ ቦታ ጠብቋል፤ ያለ ምንም ችግር ሹልክ ካለ ላልቷል። ይህንን ከላይ፣ ከታች፣ ከመሐል ሞክሩት። መሐሉ ላይ ብቻ ከላላ የእጀታው ምላስ ተበልቷል፤ ምላሱ የሚነክሰው ቦታ ላይ ስስ ቆርቆሮ ቢደረብለት ይጠብቃል። ከላይ ወይም ከታች ብቻ ከላላ ግን ማጠፊያው ወድቋል ወይም መዝጊያው ተጣሟል፤ እጀታ ብትቀይሩ ገንዘባችሁን ነው የምታባክኑት።

አራተኛ፤ ስቱኮው ተሰነጣጥቆ ከሆነ። መስተዋቱን የያዘው ስቱኮ በጊዜ ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ እያበጠ መቃኑን ይገፋል፤ እጀታው ከቦታው ይወጣል፤ በመጨረሻም መስተዋቱ ራሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «እጀታው አልገጥም አለ» ሲባል ዓይናችሁን ወደ መስተዋቱ ጠርዝም ወርወር አድርጉ። የተላጠውን ስቱኮ አንስቶ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቶ፣ አዲስ ስቱኮ መለጠፍ ለግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አዲስ እጀታ ሲገዛ

ከተሰበረ ምን ይደረግ፣ መግዛት ነው። ነገር ግን የግራና የቀኝ የሚባል ነገር አለ። ለግራ መዝጊያ የተሠራ እጀታ በቀኙ ላይ ምላሱ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ይዞራል። በቃል ከማስረዳት አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ይሻላል። መንቀል ካልተቻለ ነጭ ወረቀት ላይ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፤ የብሎኖቹን ቀዳዳም በነጥብ አመልክቱ። ባለሱቁ ከወረቀቱ ጋር ያስተያየዋል።

ሁለተኛ ነገር፤ ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ቁራጭ ይበቃል። ወርቃማ ቀለም ያለው ሁሉ ናስ አይደለም። ማግኔቱ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው፤ ቀለሙ ሲላጥ ይዝጋል። ካልያዘው ናስ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ግን ቀላልና ለመሰበር ቅርብ ነው። ናስ ከባድ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

አሮጌው ብሎን እምቢ ካለና ራሱ ከተበላ በሴጌቶ ስለት አዲስ መስመር ሸንትሩለትና በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ፍቱት። እጀታው በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ግን ለባለሙያ ተዉት። ባለሙያው ሲመጣ መጋረጃው ይነሳ፤ መስተዋቱም በረጠበ ጨርቅ ይሸፈን። የብየዳ ብልጭታ መስተዋት ላይ ካረፈ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል፤ መጋረጃ ላይ ካረፈ ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

ባለሙያ የሚገኘው የት ነው? ከኢስሊ ብዙም የማይርቀው ካሙኩንጂ የብረት ሠራተኞች ሰፈር ነው። በኬንያ እነዚህን የእጅ ባለሙያዎች «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ ትርጉሙ «ኃይለኛ ፀሐይ» ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ስለሚሠሩ የወጣላቸው ስም ነው። ሳጥኑን፣ ጂኮውን፣ ጋሪውን እዚያ ይቀጠቅጡታል። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ሲሰማ አገሩ የገባ ይመስለዋል። በገበያ የማይገኝ አሮጌ ዓይነት እጀታ ቢሆን እንኳ አምሳያውን የሚሠራላችሁ አይጠፋም።

ቋንቋም እንዳይቸግር። እኛ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ፣ ሮንዴላ የምንለው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ስለሆነ ናይሮቢ ውስጥ አይሠራም። መስኮት ዲሪሻ፣ መስተዋት ኪዮ፣ ካቻቪቴ ቢሲቢሲ፣ ፒንሳ ኮሌዎ፣ መዶሻ ንዩንዶ፣ ሚስማር ምሱማሪ፣ ዘይት ማፉታ፣ ዝገት ኩቱ፣ ግራ ኩሾቶ፣ ቀኝ ኩሊያ ይባላል። እጀታን ራሱን «ሃንድል ያ ዲሪሻ» ካላችሁ ይገባቸዋል። ልጆች እነዚህን ቃላት በደብተራቸው ይገልብጡ፤ ለስዋሂሊ ትምህርታቸውም ይረዳቸዋል።

በካምፕ ላለነው

እኛስ? የእኛ መስኮት ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ነው፤ መስተዋት የለውም፤ እጀታውም መቀርቀሪያ ነው። ጠላታችን ዝናብ ሳይሆን አቧራ ነው። አቧራ ባለበት ዘይት ማብዛት ትርፉ ጭቃ ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉና የሻማ ሰም ወይም ደረቅ ሳሙና እሹበት። የእርሳስ ከሰል ተፈጭቶ ቢነሰነስበትም ያንሸራትታል፤ ተማሪ ያለበት ቤት ደግሞ እርሳስ አያጣም። ማጠፊያ የሌለው ሰው ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ መሥራት ይችላል። የጎማውን ቁራጭ በሁለት በኩል በሚስማር ያዙት፤ ሚስማሩ እንዳይነቀል ጫፉን በሌላው በኩል ቀልብሱት። ሹል የቆርቆሮ ጠርዝ ደግሞ የልጆችን እጅ እንዳይቆርጥ መታጠፍ አለበት።

ድርብ መስተዋት ወዳለበት አገር ለሚሄዱ

ከመካከላችን ለሠፈራ ወደ ካናዳ፣ ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ ሌላ ቀዝቃዛ አገር የሚሄድ ቤተሰብ አለ። እዚያ የሚጠብቃቸው መስኮት ሌላ ነው። ሁለት መስተዋት ጎን ለጎን ተደርጎ ዙሪያው ይታሸጋል፤ በመካከሉ ደረቅ አየር ወይም አርጎን የተባለ ጋዝ ይቀመጣል። ሙቀት ቶሎ አልፎ አይወጣም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ቶማስ ስቴትሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1865 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል።

የአውሮፓው መስኮት እጀታው ብዙ ጊዜ ሦስት አቀማመጥ አለው። ወደ ታች ሲሆን ዝግ ነው፤ ወደ ጎን ሲሆን እንደ በር ይከፈታል፤ ወደ ላይ ሲሆን ከላይ በኩል ብቻ ዘንበል ብሎ አየር ያስገባል። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም እጀታውን ማዞር ዋናው የመበላሸት ምክንያት ነው። መጀመሪያ መዝጊያውን በእጅ ገፋ አድርጉ፣ ቀጥሎ አዙሩ። በአንድ ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢቀር አትደንግጡ፤ በሁለት እጅ ደግፋችሁ የሕንፃውን ጠጋኝ አስጠሩ።

እጀታው ከላላ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከእጀታው ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ክዳን ወደ ጎን አሽከርክሩት፤ ከሥሩ ሁለት ብሎኖች ይታያሉ፤ በካቻቪቴ ማጥበቅ ነው። አጥብቃችሁም እጀታው እንዲያው በባዶ የሚሽከረከር ከሆነ በውስጡ ያለው አራት ማዕዘን ዘንግ ወይም መቆለፊያው ተበልቷል፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ጉም ከታየ ደግሞ እሽጉ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ከውጭም ከውስጥም ብትወለውሉት አይጠፋም፤ ለአከራዩ ንገሩ። ቁልፍ ያለው እጀታ ከሆነ ቁልፉ ልጅ የማይደርስበት፣ አዋቂ ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ላይ ይሰቀል። እሳት ቢነሳ ቁልፍ የሚፈለግበት ጊዜ አይኖርም።

ስለ አከራይ አንድ ቃል

ናይሮቢ ላለው ልጃችሁ ይህንን ምከሩት። ክፍሉን ሲረከብ ዕቃውን ከማስገባቱ በፊት እያንዳንዱን መስኮት ከፍቶ ይዝጋ። የተሰበረ እጀታ፣ የጎደለ ስቴይ፣ የተሰነጠቀ መስተዋት ካለ በወረቀት ይጻፍ፤ ቀን ይጻፍበት፤ አከራዩ ወይም የሕንፃው ኬርቴከር ይፈርምበት። ሞባይሉ ፎቶ የሚያነሳ ከሆነም ያንሳ። ጠግኖ ገንዘብ ካወጣ ደረሰኙን ይያዝ። ከመብሳትና ከማስበየድ በፊት ደግሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሰው ቤት ነውና። ስደተኛ ሆኖ መከራከር ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህ ነው ወረቀት የሚያስፈልገው። ወረቀት የያዘ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ቀን መቁረጥ ነው። በናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከሁለቱም በፊት፣ ማለትም በየካቲትና በመስከረም፣ ግማሽ ቅዳሜ ለመስኮት ይሰጥ። መጥረግ፣ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ ብሎን ማጥበቅ፣ በወረቀት መፈተን፤ በቃ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ለዛሬ በዚህ እናብቃ። በዚህ አምድ ላይ እንዲጻፍ የምትፈልጉት የቤት ጉዳይ ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን አድርሱን። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ለትምህርት ቤት ልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እነሱ ይጽፉላችኋል። በሚቀጥለው እትም ስለ በር ማጠፊያና ስለ ቁልፍ እንመለስበታለን። እስከዚያው በሰላም ቆዩን።